የአባቴን ሕመም ፍለጋ ወደ አምባሰል

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፤ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ

ፍተሻው ከመሳፈሪያው ይረዝማል። ቀበሌ የሰጠኝን የይለፍ ወረቀት ሦስት ሰዎች አዩት፤ ሦስቱም በየተራ «የጉዞው ምክንያት?» አሉኝ። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ «የታመሙ አባቱን ለማምጣት» ይላል። እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ስሕተት ስፈልግ ስለምውል፣ የተጻፈ ነገር በእጁ ይዞ ሳያነብ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። በዚህ ዘመን ግን ኬላ ላይ ደም አይፈላም። «አባቴን ላመጣ ነው ጓድ» ብዬ ተሳፈርኩ።

ከይለፉ ሌላ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንዱ ዶክተሩ የሰጠኝ ሰማያዊ ደብተር ነው። ሌላው ሲስተር አልማዝ ከአባቴ የሕክምና ካርድ ላይ የገለበጠችልኝ አንድ ገጽ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። አባቴ ይማም የአምባሰል ገበሬ ነው። በድርቁ ማግስት፣ ለእርዳታ እህል ብለው ተራራው ላይ እርከን ሲሠሩ ድንጋይ ተንከባሎ ወገቡን መታው። አዲስ አበባ አምጥቼ አሳከምኩት፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። አጥንቱ ገጠመ፣ ሕመሙ ግን ወደ ግራ እግሩ ወርዶ እዚያው ቀረ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር አንድ የውጭ አገር ዶክተር አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣና አየው። ቀጭን ሽቦ በመርፌ ተመርቶ አከርካሪው ውስጥ ከሕብለ ሰረሰሩ አጠገብ ይቀመጣል። ከውጭ ያለች ባለባትሪ ሳጥን ወደ ሽቦው ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልካለች። ሕመሙ ወደ አንጎል በሚወጣበት መንገድ ላይ ይህ ኤሌክትሪክ ቀድሞ ይዘጋበታል፤ ሰውየው በሕመሙ ፈንታ ለስለስ ያለ ንዝረት ይሰማዋል። መጀመሪያ ለአምስት ቀን ይሞከራል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ፣ ኤሌክትሪኩን ከሳጥኗ የሚቀበል ትንሽ መቀበያ ለዘለቄታው ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ካልቀነሰ ሽቦው ይነቀላል።

የአባቴ ተነቀለ።

የተገለበጠችልኝ ገጽ እንዲህ ትላለች፦ «አንደኛ ቀን፣ ሳጥኑ ሳይከፈት፤ ደህና ነኝ ብለዋል። ሁለተኛ ቀን፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፤ ደህና ነኝ ብለዋል። ሦስተኛ ቀን፤ ደህና ነኝ ብለዋል። ከአልጋ ወድቀው ወለል ላይ ተገኝተዋል። አራተኛ ቀን፤ ደህና ነኝ ብለዋል። ዳግመኛ ወድቀው ተገኝተዋል። አምስተኛ ቀን፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፤ ደህና ነኝ ብለዋል።»

ዶክተሩ ይህን ይዞ፣ ለውጥ የለም፣ መውደቅም ተጨምሮበታል አለ። እኔ አባቴን የማየው ከሥራ ስወጣ በጥየቃ ሰዓት ብቻ ስለነበር ካርዱን አመንኩ። ሽቦው ተነቀለ፣ አባቴም ወደ አገሩ ተመለሰ። በኋላ ሄጄ ስለምነው ዶክተሩ አንድ ዕድል ሰጠኝ። የቀረው መቀበያ አንድ ነው፤ ዶክተሩም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል። «ደህና ነኝ የሚል ሰው ጀርባ አልከፍትም» አለ። «ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር በየሰዓቱ ጽፎ ያምጣ። ከዚያም በራሱ አፍ ይንገረኝ።»

የምታስተረጉመው ሲስተር አልማዝ ነበረች። እስከ በር ሸኘችኝና «አልሐምዱሊላህ ሲሉኝ ምን ብዬ ልተርጉምላቸው?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ሸዋ ሮቢት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ፣ ጣርማበር ላይ ጉም፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሁላችንም ጋቢና ካፖርታችንን አወለቅን።

ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ይባላል፤ ፎጣ ከአንገቱ የማይለየው ወፍራም ሰው ነው። ከጎኑ ስለተቀመጥኩ የሰውነቱን ክፍል አንድ በአንድ አውቄዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ «ወገቤ» አለኝ። ጣርማበር ላይ «ጉልበቴ» አለኝ። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ ስለ ጨጓራው አጫወተኝ። በመሐል መለዋወጫ የለም፣ ጎማ የለም፣ እንቅልፍ የለም ይላል።

«አንተስ፣ ምን ገጠመህ?»

«አባቴ ወገቡን ያመዋል። ላመጣው ነው።»

«እንደኔ አያመውም» አለ።

ለልምምድ የሱን ሕመም በጋዜጣዬ ጠርዝ ላይ በቁጥር ሞላሁት። ደብረ ብርሃን ሰባት፣ ጣርማበር ስምንት፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ ሲበላ ሁለት። ዶክተሩ እንዲህ ያለ በሽተኛ ቢያገኝ ሥራው ምንኛ በቀለለለት ነበር። አባቴ ግን እርከኑ ላይ ድንጋዩ መትቶት ሲያነሡት እንኳ «ማንም አልተጎዳም አይደል?» ነው ያለው። ይህን የነገሩኝ ያነሡት ሰዎች ናቸው።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፤ ሐይቅ

ደሴ አደርን። አውቶቡሱ ወደ ወልድያ ስለሚቀጥል ከጋሽ ታደሰ ጋር አልተለያየንም።

ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ ሻንጣዬን ፈትሾ ደብተሩን አገኘና ገጹን እስከ መጨረሻው ገለበጠው።

«ባዶ ነው» አለ፣ ቅር እንዳለው።

«ሲመለስ ይሞላል» አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ ባልሰጥ ይሻል ነበር። ጠባቂው መልኬን ትንሽ አየና ደብተሩን መለሰልኝ።

ቁርስ የሐይቁ ዓሣ ነው፤ ከነአጥንቱ ተጠብሶ ከአዋዜ ጋር ይቀርባል። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። ወዲያ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች አሉ። ወዲህ ማሽላው እስከ ውሃው ዳር ወርዷል። ሁለት ሰዎች መረብ ይጎትታሉ። ልጅ ሆኜ አባቴ ወደ ደሴ ገበያ ሲወርድ ይዞኝ ይመጣ ነበር። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ እዚህ ዳር ላይ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ እኔ በቅሎዋን እይዛለሁ። ዛሬ ቦታውን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ማሽላ ተዘርቶበታል።

ጋሽ ታደሰ ዓሣው አጥንት በዛበት ብሎ አማረረ፣ ሁለት ሳህን ግን በላ። ውጫሌ ላይ ሲያወርደኝ «ዓርብ ስመለስ አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ጠብቁኝ። የኋላውን ወንበር ለሽማግሌው እለቅላቸዋለሁ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቤት

ከውጫሌ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱ የአምባሰልን ገደል በቀኝ አድርጎ ይሄዳል። አባቴ የተመታበት እርከን ከሩቅ ይታያል፤ ግንቡ አሁንም ቆሟል፣ ሣር በቅሎበታል።

አባቴ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። በምሰሶውና በጀርባው መካከል ገለባ የተሞላ ጆንያ አለ። እናቴ ናት የሠራችው።

«አባ፣ እንዴት ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ወገብህስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ግራ እግርህስ?»

«ሁሉም አልሐምዱሊላህ። ልጆችህ አማን ናቸው ወይ?»

ደብተሩን አውጥቼ አስረዳሁት። ዜሮ ማለት ምንም አለማመም ነው፤ ዐሥር ማለት የመጨረሻው ሕመም ነው። 

«የመጨረሻውን የሚያውቀው አላህ ነው» አለ። «እኔ ምን ሆኜ ዐሥር እላለሁ?»

«እሺ፣ አምስትስ?»

«በአምስት ሰው ይማረራል ወይ?»

«ማማረር አይደለም አባ፣ ቁጥር ነው።»

«ሦስት ዓመት ሶብር አድርጌ ይዤዋለሁ። አሁን ልታስፈታኝ መጣህ?»

ደብተሩን ዘጋሁት። እናቴ በዓይኗ ወደ ውጭ ጠቀሰችኝ፤ ተከተልኳት። «ለኔም ነግሮኝ አያውቅ» አለች። «ተኝቶ አያድርም። እዚያችው ምሰሶ ሥር ተቀምጦ ነው የሚነጋለት። እንዲያ ስትይ ሰማሁሽ ይለኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ አባቴ አጎዛው ላይ እንደተቀመጠ ሰገደ። መጎንበስ በሚገባው ቦታ ላይ አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። መስጊድ መሄድ ከተወ ቆየ። ሌላው ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እሱ ቁጭ ብሎ መቅረቱ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ይህንንም ግን ነግሮኝ አይደለም።

አያ ደምሴ ሊጠይቀኝ መጣ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፤ የአባቴ የእርሻ ባልንጀራ፣ በዚያች ቀንም እርከኑ ላይ አብሮት የነበረ። ችግሬን ነገርኩት።

«ለሰው አይናገርም» አለኝ። «ለሰው ከነገሩት ማማረር ነው ይላል። ለላይኛው ግን አንድ በአንድ ነው የሚናገር። ነገ ሐሙስ አይደል? ከዱዓው ተቀመጥና ስማው።»

«አንተም ትሄዳለህ?»

«ኧረ ምነው! እኔ ከሐሙስ መች ቀርቼ? ያመመኝ ጊዜ ማን ዱዓ አደረገልኝ?»

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፤ ሸህ እንድሪስ ቤት

አገሬን ከለቀቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ዱዓ ከተቀመጥኩም እንዲሁ። አባቴን አያ ደምሴና እኔ ደግፈን ወሰድነው፤ ቤቱ ቅርብ ነው። ወደ ሃያ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጫቱ በየፊታችን ቀረበ። ሸህ እንድሪስ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው። ጉዳይ ያለው በየተራ እጁን ዘርግቶ ያቀርባል። አንዷ ላሟ ጠፍታባታለች። አንዱ ልጁ ለውትድርና ተወስዶበት ወሬው ጠፍቶበታል። ሰው ሁሉ «አሚን» ይላል።

የአባቴ ተራ ደረሰ። እጁን ዘረጋ። የሰማሁት ድምፅ ትላንት «አልሐምዱሊላህ» ያለኝ ድምፅ አልነበረም።

«ያ ረቢ፣ አንተ ታውቀዋለህ» አለ። «ሱብሂ ላይ እሳት ነው፣ ከወገቤ እስከ ተረከዜ። ዙሁር ላይ እሳቱ ይበርድና ቢላ ይሆናል፣ በግራ በኩል። አሱር ላይ ጉንዳን ነው፤ ብዙ። መግሪብ ላይ እሳቱ ይመለሳል። ከኢሻ በኋላ ያለውን አልናገረውም፣ አንተ ታየዋለህ።»

«አሚን» አለ ቤቱ።

ደብተሩን ከኮቴ ሥር አውጥቼ ጻፍኩ። ከንጋቱ ሶላት እስከ ማታው፣ ዶክተሩ በየሰዓቱ ያለው ይኸው ነበር።

«ያ ረቢ፣ እዚያ አዲስ አበባ ያሳየኸኝን ታውቀዋለህ። ያችን ሳጥን በከፈቷት በማግስቱ እሳቱን አነሣህልኝ። ዐሥራ አንድ ሶላት ግንባሬ መሬት ነካ። ቆጥሬዋለሁ። ሳጥኗን ሲዘጓት መልሰህ ወሰድከው። ቅር አላለኝም፤ ያንተው ነው። ነገር ግን ከሞት በፊት አንድ ጊዜ መልስልኝ።»

«አሚን!» አያ ደምሴ ከሁሉም ጮኾ አለ።

እኔ አሚን አላልኩም፤ እየጻፍኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ወድቀው ተገኙ፤ በአራተኛው ቀን ዳግመኛ ወድቀው ተገኙ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል፣ ግንባሩ ወለሉ ላይ። አባቴ አልወደቀም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ ይህን ሳላየው ቀረሁ። አለቀስኩ፤ ማንም አልገረመውም፣ ዱዓ ላይ ሰው ያለቅሳል።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቤት

«ምን ስትጽፍ ነበር?» አለኝ አባቴ ገና ከመቀመጡ።

አልዋሸሁትም። ደብተሩን ሳነብለት ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ለአላህ የነገርኩትን ለፈረንጅ ልታደርስ?»

«ለምንድን ነው አልወደቅሁም ያላልካት? ያችን ሲስተር?»

«ደንግጣ መጣች፤ አቅፋ አነሣችኝ። ደግ ሴት ናት። ተሳስተሻል ልበላት?»

እኔም ተናደድኩ። ዶክተሩ ከዐሥር ቀን በኋላ እንደሚሄድ፣ መቀበያው አንድ እንደሆነ፣ እናቴ ለሦስት ዓመት እንቅልፍ እንዳጣች፣ ሁሉንም ጮኼ ተናገርኩ። ከዚያ አፈርኩ። አያ ደምሴ እንጨት እየላገ በር ላይ ተቀምጧል።

«እኛስ ሰምተነው የለ፣ ያ ይማም?» አለ ቀና ሳይል።

«እናንተማ አሚን ብላችኋል።»

 አባቴ ጣቱን ወደ ደብተሩ ቀሰረ። «አሚን የሚል ይስማው» አለኝ። «አሚን ለማይል ሰው እንዳታነብበት።»

ዓርብ፣ አምስት ሰዓት፤ ሐይቅ ኬላ

አባቴን በቃሬዛ ነው ያወረዱት። ስምንት ሆነው በየተራ ተሸከሙት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። «አብሽር ይማም፣ አብሽር» እያሉ ውጫሌ አደረሱን። ጋሽ ታደሰ ቃሉን ጠብቋል፤ የኋላውን ወንበር ባዶ አድርጎ መጣ። አባቴን አስተኛነው። በየጉድጓዱ ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ድምፅ ግን የለም።

ኬላው ላይ ያው ጺማሙ ጠባቂ ነው። አስታወሰኝ።

«ተሞላ?» አለና ከአውቶቡሱ አውርዶኝ ደብተሩን ወሰደ።

ማንበብ ሲጀምር ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። አራሚ ስለሆንኩ ትርፍ ቃል አልወድም፤ ስጽፍ «ሕመም» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም። ጠባቂው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ሱብሂ፦ እሳት፣ ከላይ እስከ ታች። ዙሁር፦ ቢላ፣ በግራ በኩል። አሱር፦ ጉንዳን፣ ብዙ። መግሪብ፦ እሳት ይመለሳል።»

 ጋሽ ታደሰ እንኳ ማማረሩን ተወ።

«እሳቱ የሚነሣው የት ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«ሕመም ነው። የአባቴ ሕመም ነው።»

«በግራ በኩል ማለትስ? ጉንዳን የምትሉት ማንን ነው? ብዙ ማለት ስንት ነው?»

ፈራሁ። በዚህ ዘመን ከዚህ ባነሰ ጽሑፍ ሰው ተወስዶ ይቀራል። ጠባቂው ሌላ ሰው ጠራ። እጄን ወደ ኋላ እንዳደርግ አዘዘኝ።

ከኋላ የሚንኳኳ ሰማሁ። አባቴ ብቻውን ተነሥቷል። በየወንበሩ ጀርባ እየያዘ መጣና አንድ እግሩን እየጎተተ ከአውቶቡሱ ወረደ። ጋሽ ታደሰ ሊደግፈው ሲል በእጁ ከለከለው።

«የኔ ነው» አለ። «ልጄ አይደለም። እሳቱ የኔ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው አባት?»

አባቴ ዞሮ ጀርባውን ሰጠውና ጋቢውን ገለጠ። ጠባሳው ታየ። «እዚህ ይነሣል» አለ፣ በጣቱ እያሳየ። «በዚህ ይወርዳል፣ እስከ ተረከዜ። ሱብሂ ላይ አላስነሣኝ ይላል። ቢላው እዚህ ነው። ጉንዳኑ እዚህ ነው፤ ብዛቱን ልነግርህ አልችልም ልጄ።»  ለሰው መናገር አልለመደምና ጨነቀው። እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑን ከጠባቂው ላይ አነሣ፤ ያን ጊዜ ቃሉ መጣለት። የሐሙሱን አንድ በአንድ ደገመው፤ እሳቱን፣ ቢላውን፣ ሳጥኗን፣ ዐሥራ አንዱን ሶላት።

ጨረሰና እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ እኔ አውቃለሁ።

ጠባቂው ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ። ጠመንጃውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።

«አሚን» አለ። «አላህ ያሽርዎ አባት።»

«አሚን» አለ አውቶቡሱ፣ በመስኮት በኩል።

እንደገና ስናስተኛው ደብተሩን ከፈትኩ።  «አባ፣ አሁን ልጠይቅህ፣ ከዐሥር ስንት?»

ዓይኑን ጨፍኗል። «ሙሉውን ጻፍ» አለኝ።

ሰኞ፣ አራት ሰዓት፤ አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል

ዶክተሩ በሲስተር አልማዝ በኩል ጠየቀ፦ «ዛሬ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ሲስተርን «ትንሽ ጠብቁት» አልኳት። አባቴ እጁን ዘረጋ። እሷ በዝግታ እየተረጎመች ሄደች። እሳትና ቢላው ላይ ድምፅዋ ደህና ነበር። ዐሥራ አንዱ ሶላት ላይ ስትደርስ ቆመች። ካርዱን ከጠረጴዛው አንሥታ አነበበችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችኝ በአማርኛ። «ሁለቱንም ቀን እኔ ነኝ ያነሣኋቸው።» ከዚያ ለዶክተሩ በሱ ቋንቋ ረጅም ነገር ነገረችው፤ እጇን ግንባሯ ላይ፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ አሳየችው። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ወለሉን አየ።

አባቴ እጁን አላጠፈም።

«አሚን ይበሉ» አለችው ሲስተር። ዶክተሩም «አሚን» አለ። ቃሉ በሱም አገር ያው ነው ለካ።

ሲስተር አልማዝ «ወድቀው» የሚለውን ሁለቱንም ቦታ ሰረዘች። ከላዩ «ሰግደው» ብላ ጻፈችበት። እንዲህ ያለ ንጹሕ እርማት በሥራዬ ብዙ አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ሐይቅ

መቀበያው በአባቴ የጎን ቆዳ ሥር ተቀብሯል። በላዩ ላይ ክብ ጎማ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ከጎማው የሚወጣው ገመድ ወገቡ ላይ ከታጠቃት ሳጥን ይገባል። ዶክተሩ አገሩ ገብቷል። ባትሪ በሻንጣዬ ሞልቻለሁ፤ ሲያልቅ ከደሴ እንዲላክ ነግሬአለሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዶክተሩም ይጠፋል አላለም። ሽቦው እንዳይነቃነቅ ለጥቂት ሳምንት ብዙ እንዳይጎነበስም ተነግሮታል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ነው የሰገደው። ያ ጊዜ ትላንት አለቀ።

ኬላው ላይ ጺማሙ ጠባቂ የለም፣ ሌላ ነው። ሳጥኗን «ራዲዮ ናት?» አለ። አባቴ «የኔ ናት» አለው።

አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ዛሬ ጥርሱን ነው የሚያመው። ዓሣችንን ስናዝ አባቴ ተነሥቶ በማሽላው ዳር በዳር ወደ ውሃው ወረደ። ሲታጠብ በረንዳው ላይ ሆኜ አየሁት። ጋቢውን አነጠፈ። ቆመ። እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ከዚያ በጉልበቱ ሆነ፣ ግንባሩም መሬት ነካ።

አልተነሣም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መሳፈር ጀመሩ። ጋሽ ታደሰ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባ ነፋ። አባቴ እንደተደፋ ነው። ሽቦው ቢሆንስ፣ ልቡ ቢሆንስ አልኩ፤ ወንበሩን ገፍቼ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

«ወዴት ነው?» ጋሽ ታደሰ በመስኮቱ ክንዴን ያዘኝ።

«ወድቆ ነው! አይነሣም እኮ!»

«ምን ሆነሃል ሰውዬ? እየሰገዱ እኮ ነው። ሰው ሲሰግድ አይተህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አልኩት። «እሱን ግን ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ወደ ውሃው ዳር አየ። ሞተሩን አጠፋ።